በድንግዝግዝ ስለምታብበው የሳማ ዘመድ

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስድስት ዓመት ዝም ብዬሻለሁ። ምክንያቱን አስቀድሜ ልንገርሽ። የእማማን እረፍት የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። የዚያኑ ዕለት መደወል ነበረብኝ። ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን ብሎ ይደውላል? አልኩ። ነገ እያልኩ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት። በቆየሁ ቁጥር ሀፍረቱ ባሰብኝ። አንቺ ስትደውዪም አላነሳሁም። ይቅር በዪኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳችኝ አንዲት ትንሽ ተክል ናት። ለተማሪዎቼ ስለ ፎቶሲንተሲስ ትምህርት ሳዘጋጅ አገኘኋት። ማንበብ ከጀመርኩ ጀምሮ በሐሳቤ ለአንቺ እያወራሁሽ ነው። ሌላ ለማን አወራዋለሁ?

ስሟ ፒሊያ ካቨርኒኮላ ነው። ሁለተኛው ቃል በላቲን ዋሻ ውስጥ የሚኖር ማለት ነው። ቤተሰቧ የሳማ ቤተሰብ ነው። አዎ፣ እማማ ለጋ ለጋውን በጉጠት እየቀጠፉ ለጾም ወጥ የሚሠሩት የሳማ ዘመድ ናት። ፒሊያዎች ግን አይለበልቡም። ይህን ሳነብ የደብረ ብርሃኑ ጓዳችሁ ሽታ ድንገት መጣብኝ። እማማ ድስቱን እያማሰሉ «ሳማ የሚፈራው እስኪበስል ነው» ሲሉኝ ትዝ አለኝና ንባቤን አቋረጥኩ።

የምትገኘው ደቡብ ቻይና ነው፣ በጓንግሺ፣ ፌንግሻን በሚባል ወረዳ። አገሩ የኖራ ድንጋይ ተራራ ነው። ውሃ ድንጋዩን ለዘመናት ሲያሟሟው ኖሮ ከላይ እስከ ታች ዋሻ አድርጎታል። ዌይ ዪጋንግ የተባለው የጓንግሺ የእጽዋት ተመራማሪ፣ ዋሻ ውስጥ ስለሚበቅሉ እጽዋት ለባልደረባው ለአሌክስ ሞንሮ ነገረው። ሞንሮ ከለንደን የመጣ የሳማ ቤተሰብ አጥኚ ነው። ሞንሮ መጀመሪያ ዌይ ሲተረጉም ቃል የተሳሳተ መስሎት ነበር። አልፈርድበትም። ዋሻና አበባ በአንድ አረፍተ ነገር ሲመጡ ማን ያምናል? ከዚያ ያንግዚ የተባለው ዋሻ አብረው ገቡ። ሞንሮ ቦታው የጨረቃን ምድር እንደሚመስልና ፈዝዞ እንደቀረ ተናግሯል። በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ የሳማ ዘመዶች ቁጥቋጥ ቁጥቋጥ ብለው በቅለዋል።

ብርሃኑን ለኩት። እዚህ ላይ ነው እኔም እንደ ሞንሮ ፈዝዤ የቀረሁት። ተክሏ ከምትበቅልባቸው ቦታዎች እጅግ ጨለማ በሆነው ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከውጭው የቀን ብርሃን 0.04 በመቶ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ያለ ተክል ከሚያገኘው 2,500 እጅ አንዷን እጅ ማለት ነው። ብርሃን በደንብ ይገባል የሚባልበት ቦታ እንኳ ከ2.78 በመቶ አይበልጥም። እኔ ሳሎን ያለችውን ተክሌን ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ሳርቃት ትጠወልግብኛለች። ይቺ ግን በዚያች ጭላንጭል ቅጠል ታወጣለች። ቅጠል ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩልሽ። ታብባለች! ለተክል አበባ ትልቅ ወጪ ነው። እሷ ከምታገኛት ከዚያች ትንሽ ላይ ቆጥባ ታብባለች።

የፒሊያ አበባ የጤፍ ፍሬ ያህላል ብትዪ ብዙ አልተሳሳትሽም። የወንዴው አበባ አሠራር ደግሞ ያስደንቃል። ብናኝ የያዙት ዘንጎች ወደ ውስጥ ታጥፈው እንደ ወጥመድ ተወጥረው ይቆያሉ። ሲበስሉ ድንገት ይፈናጠሩና ብናኙን ወደ አየር ይረጩታል። ንብ መጠበቅ የለም። ለዋሻ ኑሮ የሚመች ጠባይ ነው ብዬ አሰብኩ።

አንድን ተክል «ይህ አዲስ ነው» ለማለት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አራት ኪሎ ሄርባሪየም፣ በዚያ የደረቁ እጽዋት ማከማቻ ውስጥ በጋዜጣ መሀል የተጫኑ ናሙናዎችን በአጉሊ መነጽር ስናይ የዋልነውን አስታውሺ። ፒሊያ ከ600 በላይ ዝርያ ያለው ወገን ነው። የቅጠሉ ጠርዝ፣ የአገዳው ጸጉር፣ የፍሬው ቅርጽ ከዘመዶቹ ጋር አንድ በአንድ ይተያያል። ከዚያ አንድ ናሙና ይመረጥና የስሙ መሠረት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ ቢጠራጠር ወደዚያች ደረቅ ቅጠል ይመለሳል። ይህ አሠራር ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

ሞንሮና ዌይ ቼን ከተባለ ባልደረባቸው ጋር የተክሏን መግለጫ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፣ ከሌሎች ሁለት አዳዲስ ፒሊያዎች ጋር። በዚያው ዓመት ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የአዲስ ተክል መግለጫ በእንግሊዝኛም እንዲጻፍ ተፈቅዷል። እስከዚያ ድረስ ላቲን ግዴታ ነበር። አንቺ ታክሲ ውስጥ በካርድ እየጻፍሽ ያጠናሻቸው የላቲን ቃላት ትዝ አሉኝ። ስሟ አሁንም ላቲን ስለሆነ ድካምሽ ከንቱ አልቀረም።

ፍለጋው በዚህ አላቆመም። በጓንግሺ፣ በጉይጆና በዩናን 61 ዋሻዎችን አይተው 418 የእጽዋት ዝርያ መዝግበዋል። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። 37ቱ ከዋሻ ውጭ የትም አይታወቁም። ምናልባት ዋሻዎቹ የጥንቱ ደን መጠለያ ናቸው ይላሉ። ውጭ ያለው ዛፍ ሲመነጠር ጥላና እርጥበት የለመዱት ዋሻ በር ላይ ተረፉ። የእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ታዩኝ። የሚያሳስበኝ ዋሻዎቹ ለጎብኚ ሲከፈቱ ነው። ቱሪስት ስለ ጣሪያው ውበት ይመጣል፣ እግሩ ስር ማን እንዳለ አያይም።

እኛም ሶፍ ዑመር ስንሄድ ጣሪያውን ነበር ያየነው። እኔና ሌሎቹ ማለቴ ነው። ወይብ ወንዝ ዳር አስጎብኚው ባትሪውን ወደ ላይ አብርቶ ሁላችንም አንጋጠን ስንቆም፣ አንቺ ከበሩ ገባ ብለሽ ግድግዳው ስር ተንበርክከሽ ነበር። አንድ አረንጓዴ ነገር ነበር። «ኑ እዩ» አልሽ፣ ማንም አልመጣም። እኔም «መኪናው ይሄድብናል» ብዬ እጅሽን ጎተትኩ። ናሙና አልወሰድንም። አንቺ ግን በሰማያዊው ደብተርሽ ቶሎ ቶሎ ሳልሽው።

ፈርን ሊሆን ይችላል። ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። ግን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም፣ አሁን ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ።

ለፋሲካ ትምህርት ስንዘጋ እመጣለሁ፣ ፈቃድሽ ከሆነ። እማማ መቃብር ትወስጂኛለሽ። እስከዚያ ግን ደብተሩ ካለሽ ስዕሉን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነበር የወጡት ወይስ እየተፈራረቁ? ጠርዛቸውስ ጥርስ ነበረው?

ያንቺው