ክራኮቭን እንዴት እንደምታይ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትምህርትሽ በእነሱ ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 ቀን ይጀምራል ብለሽኛል። ከዚያ በፊት ስለ ከተማይቱ እንድጽፍልሽ ስለጠየቅሽኝ ይኸው የማውቀውን ጽፌልሻለሁ። ዓመታቱን ሁሉ እዚያ ከምታነቢው ጋር እንዳይምታታብሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። ክራኮቭ ውስጥ የቆመውን ሕንፃ ስታዪ የጠፋውንም ፈልጊ። ቅጥሩ ፈርሷል፣ ወንዙ ተደፍኗል፣ አሮጌው መንደር ተነሥቷል፤ የሁሉም ቅርጽ ግን ዛሬም መንገዱ ላይ ይነበባል። ጎዳናው ለምን እዚህ ጋ ድንገት ሰፋ? ቤተ ክርስቲያኑ ለምን ከአደባባዩ ጋር አልገጠመም? እያልሽ ከሄድሽ አስጎብኚ እንኳ ብዙ አያስፈልግሽም።

ከመሬቱ ልጀምር። ፖላንድ በአብዛኛው ሜዳ ናት። ክራኮቭ ያለችው በደቡብ፣ ሜዳው ወደ ካርፓቲያን ተራሮች መውጣት በሚጀምርበት፣ በቪስዋ ወንዝ ዳር ነው። የታትራ ተራሮች ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ፤ አየሩ ጥርት ባለ ቀን ከከፍታ ላይ ይታያሉ። ነገሥታቱ የተቀመጡበት ቫቬል የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ነው። ከወንዙ የሚበልጠው 25 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ድሮ ግን ዙሪያው ረግረግና የወንዝ ቅርንጫፍ ስለነበር ጠላት በቀላሉ አይደርስበትም ነበር። የኖራ ድንጋይ ውኃ ይበላዋልና ኮረብታው ሥር ዋሻ አለ። ሕዝቡ ዘንዶ ይኖርበት ነበር የሚለው ይህንኑ ዋሻ ነው። በደጃፉ ያለው እሳት የሚተፋ የብረት ዘንዶ ብሮኒስዋቭ ክሮሚ የተባለ ቀራፂ የሠራው ነው።

የከተማይቱ ስም በጽሑፍ የተገኘው በ10ኛው መቶ ዘመን፣ ከአንዳሉስ፣ ከዛሬይቱ ስፔን፣ የመጣው አይሁዳዊ ተጓዥ ኢብራሂም ኢብን ያዕቁብ በጻፈው ነው። በ1000 ዓ.ም. የጳጳስ መቀመጫ ሆነች። በ1241 ሞንጎሎች አቃጠሏት። ዛሬ የምታዪው የመንገድ አጣጣል ከዚያ ቃጠሎ በኋላ የመጣ ነው፤ ልዑል ቦሌስዋቭ ጁን 5 ቀን 1257 የጀርመን ከተሞች ይተዳደሩበት በነበረው በማግደቡርግ ሕግ መሠረት የከተማነት መብት ሲሰጣት ቀያሾች እያንዳንዱ ጎኑ 200 ሜትር የሚሆን አደባባይ ወጠኑ። ሪኔክ ይሉታል። በመካከለኛው ዘመን ከተሠሩት የአውሮፓ አደባባዮች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። መንገዶቹ ከእርሱ እየተነሡ ቀጥ ብለው ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ሁሉም ነገር በማዕዘን ተለክቶ ሳለ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ከመስመር ወጥተው ታገኛለሽ። አንደኛው ትልቁ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አደባባዩ ከመቀየሱ በፊት በነበረው ቤተ ክርስቲያን ቦታ ላይ ስለተሠራ ጠመም ብሎ ቆሟል። ሁለተኛው ግሮድስካ የተባለው ጎዳና አደባባዩን በሚነካበት ጥግ ያለው ትንሹ የቅዱስ ቮይቼክ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት ወደ እርሱ እሄድ ነበር። ወደ ግድግዳው ቀርበሽ ወደ ታች ተመልከቺ። ከታች ያለው ትናንሽ ጥርብ ድንጋይ ከላይኛው ግንብ እንደሚለይ ታያለሽ፤ የድሮው ግድግዳ ከዛሬው ንጣፍ በታች ወርዶ ይቀጥላል። ቤተ ክርስቲያኑ አልሰጠመም። አፈርና ፍርስራሽ በየዘመኑ ሲከመር፣ በላዩም ሲነጠፍበት አደባባዩ ነው ከፍ ያለው። ስለዚህ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግድግዳውን አስረዝመው፣ ጉልላት ደፍተው፣ በአዲሱ የመሬት ልክ ሌላ በር ከፈቱለት። የመሬቱን ከፍታ ለውጥ በደንብ ማየት ከፈለግሽ በ2010 በተከፈተው በአደባባዩ ሥር ባለው ሙዚየም 4 ሜትር ያህል ወርደሽ የድሮውን መንገድና የሱቆቹን መሠረት ማየት ትችያለሽ። በአንድ ጊዜ የሚያስገቡት ሰው የተወሰነ ነውና ትኬቱን አስቀድመሽ ያዢ።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ በቁፋሮ የተገኘ፣ ወደ 700 ኪሎ ግራም የሚመዝን የእርሳስ ብረት ቁራጭ አለ። እለፊው ብትባዪ እንዳትሰሚ፤ የከተማይቱን ኑሮ የሚያስረዳው እርሱ ነው። እርሳሱ ከሰሜን ከኦልኩሽ፣ መዳቡ ከደቡብ ከሃንጋሪ ነገሥታት ግዛት፣ ጨርቁ ከምዕራብ ከፍላንደርስ ይመጣ ነበር። ከ1306 ጀምሮ ደግሞ አላፊ ነጋዴ ሁሉ በክራኮቭ ዕቃውን አራግፎ ለከተማይቱ ነጋዴዎች እንዲያቀርብ ሕግ ያስገድደው ነበር። በአደባባዩ መካከል የተጋደመው ረጅም ሕንፃ፣ ሱክየኒፀ፣ የጨርቅ ነጋዴዎቹ ገበያ ነው። በ1555 ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ፤ ከሥሩ የምትመላለሽባቸው ቅስቶች ግን በ1870ዎቹ የተጨመሩ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ንግድ የንጉሡን ግምጃ ቤት የሞላው ጨው ነበር። ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቅርብ የሆነው የቪየሊችካ ማዕድን የመንግሥት ንብረት ነበር። ንጉሥ ካዚሚዬዥ ታላቁ በ1364 ዩኒቨርሲቲውን ሲያቋቁም የመምህራኑን ደመወዝ ከዚሁ የጨው ገቢ መደበ። አንቺም የምትማሪው በጨው ገንዘብ በበለጸገ ከተማ መሆኑን እወቂ። እርሱ በ1370 ሲሞት ትምህርቱ ተዳከመ፤ ንግሥት ያድቪጋ በ1399 ስትሞት ጌጣጌጧን ለዩኒቨርሲቲው ተናዘዘች፣ ባሏ ንጉሥ ዮጋይላም በ1400 እንደገና አደራጀው። ስሙም ዛሬ ያጌሎኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው በእርሱ ቤተሰብ ነው። የከዋክብት ተመራማሪው ኮፐርኒከስ ከ1491 ጀምሮ እዚያ ተምሯል። የድሮውን ግቢ፣ ኮሌጂዩም ማዩስን፣ በነፃ ገብተሽ እዪው።

የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሁለቱ ማማዎች እኩል አይደሉም። ከረጅሙ፣ 80 ሜትር ከሚያልፈው፣ በየሰዓቱ ሌትም ቀንም መለከት ይነፋል። የሚነፉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው፤ በአራቱም አቅጣጫ ይደጋግሙታል፣ መጀመሪያ ወደ ቫቬል። ዜማው መሐል ላይ ይቋረጣል። የማማውን ጠባቂ የታታር፣ ማለት የሞንጎል፣ ቀስት ጉሮሮውን ወጋው ሲሉ ትሰሚያለሽ፤ ደስ የሚል ተረት ነው፣ ግን የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዘመን ስለሆነ እንደ ታሪክ አትያዢው። ውስጥ ያለው የቀራፂው የፋይት ሽቶስ የእንጨት መሠዊያ ከ1477 እስከ 1489 የተሠራ ነው። ቁመቱ 13 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ትልልቆቹ ምስሎች ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። ክንፎቹ የሚከፈቱት እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነውና በዚያ ሰዓት ግቢ። በዋናው በር የሚገባው ለጸሎት ነው፤ ጎብኚ በጎን በር በትኬት ይገባል። ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ካሜራሽን አታውጪ።

አሁን ወደ ቅጥሩ። አሮጌውን ከተማ ከበው የሚዞሩ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ዛፎች አሉ፣ ፕላንቲ ይባላሉ። ዛፎቹ የቆሙት ቅጥሩና የውኃ ጉድጓዱ በነበሩበት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቅጥሩ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ያኔ ከተማይቱን ይገዛ የነበረው የኦስትሪያ መንግሥት እንዲፈርስ አዘዘ፤ ቦታውም ከ1820ዎቹ ጀምሮ መናፈሻ ሆነ። የሰሜኑን በር፣ የፍሎሪያንስካን፣ እና ከፊቱ ያለውን ክብ ምሽግ ከመፍረስ ያዳነው ፌሊክስ ራድቫንስኪ የተባለ ፕሮፌሰር ነው። ምሽጉ፣ ባርባካን፣ በ1498 ተጀምሮ በዓመቱ የተሠራ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ከ3 ሜትር ያልፋል። መንገድ ከጠፋሽ ፕላንቲን ፈልጊ፤ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄጂ መጨረሻሽ እዚያው ነው።

ከቫቬል ወረድ ብለሽ ዲየትላ የሚባለውን ጎዳና ስትሻገሪ ስፋቱ ይገርምሻል፤ መኪናው ግራና ቀኝ ይሄዳል፣ መሐሉ ዛፍ ነው። የቪስዋ አሮጌ ቅርንጫፍ በዚያ ይፈስ ነበር። የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ሽታው ስላስቸገረ በ1880 ገደማ ደፈኑት። ከጎዳናው ወዲያ ያለው ካዚሚዬዥ በ1335 የተቆረቆረ ራሱን የቻለ ሌላ ከተማ ነበር፤ ዲየትላን ስትሻገሪ ወንዝ ተሻግረሽ ሌላ ከተማ እንደገባሽ ቁጠሪው። በ1495 የክራኮቭ አይሁዶች ወደዚያ እንዲዛወሩ ተደረገ። በሼሮካ ጎዳና የድሮውን ምኩራብና የረሙን ምኩራብ ታገኛለሽ። ከረሙ ምኩራብ ጀርባ ባለው መቃብር በ1572 የሞተው ታላቁ ራቢ ሞሼ ኢሰርለስ አለ፤ ሰው ዛሬም እየመጣ ይጸልይበታል።

ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ናዚዎች አይሁዶቹን ያጎሩበት ጌቶ ካዚሚዬዥ ውስጥ አልነበረም። በማርች 1941 ወንዙን አሻግረው በፖድጉዜ አጎሯቸው፤ ማርች 13 እና 14 ቀን 1943 ጌቶውን ባዶ አደረጉት። ከጦርነቱ በፊት ከከተማው ሕዝብ ሩቡ ያህል አይሁዳዊ ነበር። ሰዎቹ ለመጫን የተሰበሰቡበት አደባባይ ላይ ዛሬ ትልልቅ የብረት ወንበሮች ቆመዋል። በዳር ያለው መድኃኒት ቤት የታዴዎሽ ፓንኪዬቪች ነበር፤ ጌቶ ውስጥ የቀረ ፖላንዳዊ ነው፣ ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ሆኗል። በልቮቭስካ ጎዳና የጌቶው አጥር ቁራጭ ቆሟል፤ አናቱን በመቃብር ድንጋይ ቅርጽ ነው የሠሩት። ዩኒቨርሲቲውም አልተረፈም። ኖቬምበር 6 ቀን 1939 ጀርመኖች መምህራኑን ለስብሰባ ጠርተው ከ180 በላይ የሚሆኑትን ይዘው፣ አብዛኞቹን ወደ ማጎሪያ ካምፕ ላኳቸው። ሕንፃዎቹ ከዋርሶ በተለየ ከፍርስራሽ ስለተረፉ ሰው ከተማይቱ ያልተጎዳች ይመስለዋል። ይህን አትርሺ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1949፣ ኮሚኒስቶቹ በምሥራቅ በኩል ለም በሆነ የእርሻ መሬት ላይ የብረት ፋብሪካና ኖቫ ሁታ የተባለ የሠራተኛ ከተማ መሥራት ጀመሩ። ጎዳናዎቹ ከአንድ አደባባይ ይዘረጋሉ። ሲታቀድ ቤተ ክርስቲያን አልነበረበትም፤ በ1960 ሕዝቡ ለቤተ ክርስቲያን በታሰበ ቦታ ላይ የቆመው መስቀል እንዳይነሣበት ከፖሊስ ጋር ተጋጨ፣ አዲስ ቤተ ክርስቲያንም በ1977 ተባረከ። የባረኩት በዓመቱ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ተብለው የሮማ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆኑት ካሮል ቮይቲዋ ናቸው። የፋብሪካው ጭስ ግን የከተማይቱን የኖራ ድንጋይ ሐውልቶች እየበላ ኖረ።

ጭሱን ካነሣሁ አንቺን በቀጥታ የሚነካሽ ይህ ነው። ከተማዋ ረባዳ ሸለቆ ውስጥ ስላለች ነፋስ ይጎድላታል፤ በክረምት ቀዝቃዛው አየር ከታች ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ ሲከድነው ጭሱ መውጫ ያጣል። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ በከተማው ውስጥ የድንጋይ ከሰልና እንጨት ማንደድ ተከልክሏል፣ አየሩም ተሻሽሏል፤ ነገር ግን ከዙሪያው መንደሮች የሚመጣው ጭስ አልቀረም። ከኖቬምበር እስከ ማርች በስልክሽ የአየሩን ልክ እዪ። ፒኤም 10 የሚሉት ብናኝ በኪዩቢክ ሜትር ከ50 ማይክሮግራም ካለፈ ውጭ አትሩጪ፣ መስኮትም ማታ አትክፈቺ። የጨርቅ ማስክ አይጠቅምሽም፤ ኤፍኤፍፒ 2 የሚለውን ግዢ። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 9፡40 አካባቢ ትጠልቃለችና ጉብኝትሽን በጠዋት አድርጊው።

ጠዋት ከየጋሪው ኦብቫዣኔክ የሚባለውን ቀለበት ዳቦ ግዢ። ሁለት ወይም ሦስት የሊጥ ገመድ ተጠማዝዞ ይከበባል፣ 90 ዲግሪ በደረሰ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ጨው ወይም ሰሊጥ ይነሰነስበታል፣ ከዚያ ይጋገራል። ላዩ የሚያብረቀርቀው፣ ውስጡም ሲታኘክ ሳብ የሚለው በሙቁ ውኃ ምክንያት ነው። የጠዋቱ ማታ ይደርቃል፤ ስለዚህ አታስቀምጪው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ ስሙን ለክራኮቭና ለአካባቢዋ ብቻ ጠብቆላቸዋል። በጾም ቀን የምትበዪ ከሆነ በሊጡ ውስጥ የገባው ስብ ምን እንደሆነ ጠይቂ።

ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የክራኮቭ አሮጌ ከተማና የቪየሊችካ ጨው ማዕድን ከላሊበላና ከሰሜን ተራሮች ጋር በአንድ መዝገብ ገብተዋል። ጓደኞችሽ ከየት ነሽ ሲሉሽ ይህን ንገሪያቸው። ማዕድኑን ስትጎበኚ ጥሩ ጫማ አድርጊ፤ በመግቢያው ብቻ 380 ደረጃ ነው የምትወርጂው፣ በአጠቃላይ 800 ያህል ይሆናል። በጋም ቢሆን ሹራብ ያዢ። ቅድስት ኪንጋ የሚባለው የጸሎት ቤት 101 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፤ ወለሉ፣ የግድግዳው ቅርጽ፣ የመብራቱ ጌጥ ሳይቀር ጨው ነው።

የቀረውን በአጭሩ። ቫቬል ላይ ቤተ መንግሥቱና ካቴድራሉ ትኬታቸው ለየብቻ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ በየክፍሉ የተለያየ ሲሆን ቶሎ ያልቃል። በካቴድራሉ የዝግሙንትን ደወል ሳታዪ አትውረጂ፤ በ1520 የተሠራ ነው፣ ከነተሸካሚው ከ12 ቶን ያልፋል፣ የሚደወለውም በትልልቅ በዓላት ነው። ትራም ስትሳፈሪ የወረቀት ትኬትሽን ወዲያው ማሽኑ ውስጥ አስገብተሽ አስመቺ፤ ትኬት ይዘሽ ሳታስመቺ ከተገኘሽ ያስቀጡሻል። የተማሪ መታወቂያሽ ሲሰጥሽ የከተማ ትራንስፖርት በግማሽ ዋጋ ይሆንልሻል፣ እስከ 26 ዓመትሽም በባቡር 51 በመቶ ይቀነስልሻል፤ ሁልጊዜ ያዢው፣ ተቆጣጣሪ ያለ እርሱ ቅናሹን አይቀበልም። አብዛኛውን እሑድ ትልልቅ ሱቆች ዝግ ናቸውና የሳምንቱን አስቤዛ ቅዳሜ ግዢ። ስትደርሺ ደውዪልን።

የሚወድሽ አባትሽ