የቴክኖሎጂ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ጳጉሜን 6 የት ገባች?

በመስከረም የክበባችንን ዕቅድ ሳዘጋጅ «ተማሪዎችን ከአዳዲስ የትምህርት ቴክኖሎጂዎች ጋር ማስተዋወቅ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ነበር። አብዛኛው ሐሙስ ያለቀው ግን ከዘመን አቆጣጠር ጋር ስንታገል ነው።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ነው። አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበትን ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እንዲለውጥልን ጠየቅነው። በሚያምር አማርኛ «ዲሴምበር 8 ቀን 1995» አለን። በዚያ ወቅት ልዩነቱ ሰባት ዓመት ስለሆነ ትክክለኛው 1994 ነው፤ እሱ ስምንት ደምሯል። መሳሳቱ ብዙም አልገረመኝም። 34ቱ አባላት ግን ወዲያው በደብተራቸው ሲገለብጡት ደነገጥኩ።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ፣ የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ እጃችንን ብናወጣም አይቆምልንም ነበር። ይኸኛው ደግሞ ለጠየቁት ሁሉ መልስ አያጣም። የትኛው እንደሚብስ ገና አልወሰንኩም።

«ቀን መለወጫውን ራሳችን እንሥራው» ተባባልን። በነጻ የሚገኘውንና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ስክራች የተባለ የልጆች ፕሮግራም መሥሪያ በፍላሽ አምጥተን በሚሠሩት 11 ኮምፒውተሮች ላይ ጫንን። መብራት ሲጠፋ ስሌቱን በጠመኔ በሰሌዳ ላይ እንቀጥላለን፤ እውነቱን ለመናገር፣ ይበልጥ የሚገባቸው ያን ጊዜ ነበር።

በመጋቢት ፕሮግራሙ አለቀ ብለን ጮቤ ረገጥን። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ የልደት ቀኗን አስገባች፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2003። «እንዲህ ያለ ቀን የለም» የሚል መልስ መጣ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። «ታዲያ እኔ መቼ ተወለድኩ?» አለች።

ጳጉሜንን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርገናት ኖሯል። መፍትሔውን የነገረን ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጦ ዝም ያለ፣ ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው፦ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስናካፍል 3 ከተረፈ ማለት ነው። ቀጣዩ እንቁጣጣሽም በሴፕቴምበር 12 ስለሚውል፣ ማስተካከያው ሌላ ሁለት ሐሙስ በላ።

በወላጆች ቀን ልጅቷ እናቷን ይዛ መጣችና ልደቷን ደግማ አስገባች። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2011።

የዕቅዱ ሌሎች አራት ተግባራት አልተነኩም።