«ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ»

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ብዙ አመልካች ወደሚሻማባቸው የድኅረ ምረቃና የሕግ ትምህርት ቤቶች ስለ መግባት ባለፈው ዕትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ፈተናና ስለ አማካይ ነጥብ በሰፊው ጽፋችኋል፤ አብዛኛውም ትክክል ነው። (ለአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚወሰደው ኤልሳት የሎጂክ እንቆቅልሽ ክፍል አለው የተባለው ግን ጊዜው አልፎበታል፤ ያ ክፍል እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል።) ብዕር ያስነሣኝ ሌላ ነው። ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ያሰፈራችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ከመምህራን ሦስት ደብዳቤ ያስፈልጋል» ይላል። በዚህ ጉዳይ ለተማሪዎቼ የቆየ ዕዳ አለብኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሕግ አስተምሬአለሁ። የማመልከቻ ወቅት ሲደርስ ተማሪው ቢሮዬን አንኳኩቶ ይገባል፤ ፋይሉን በሁለት እጁ እንደ ያዘ ቆሞ «መምህር፣ ላስቸግርዎ ነበር» ይላል። እኔ የፈተና ወረቀት እያረምሁ ነኝ፤ ወይም ወደ ክፍል እየሮጥሁ። «ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» እለዋለሁ። አመስግኖኝ ይወጣል። በማግስቱ ያመጣውን በዐይኔ ገረፍ አድርጌ እፈርማለሁ። ለብዙ ዓመታት ይህን እንደ ውለታ ቆጥሬው ነበር።

በኋላ የሁለተኛ ዲግሪ አመልካቾችን በሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥ ተመደብሁ። አንድ ማምሻ ላይ የአንድ ወጣት ፋይል ደረሰን። ውጤቱ ከሁሉም የላቀ ነበር ማለት ይቻላል። ሦስቱ ደብዳቤዎች የተፈረሙት በሁለት መምህራንና በአንድ አሠሪ ነው። ሦስቱም «ታታሪ» ብለው ጀምረው፣ «ምስጉን ጠባይ ያለው» ብለው ቀጥለው፣ «ለተቋማችሁ ኩራት ይሆናል» ብለው ይጨርሳሉ። አንድ ቃል በሦስቱም ላይ በአንድ ዐይነት ስሕተት ተጽፏል። አጠገቤ የተቀመጡት ባልደረባዬ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ያችን ቃል በእርሳሳቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና «የአንድ ሰው እጅ ነው» አሉ። ፋይሉ ወደ ግራ ክምር፣ ወደማንቀበላቸው፣ ሄደ። ለልጁ የተከራከረለት አልነበረም። እኔም ዝም አልሁ። በዚያች ሌሊት በእኔ ፊርማ ስንት እንዲህ ያለ ፋይል ወደ ግራ ክምር እንደ ሄደ ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ደብዳቤው ይህን ያህል የሚመዝነው የቀረው ነገር ስለሚመሳሰል ነው። ኤልሳት የሚታረመው ከ120 እስከ 180 ነው፤ ለድኅረ ምረቃ የሚወሰደው የጂአርኢ ፈተና የቃልና የሒሳብ ክፍሎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ130 እስከ 170። እጅግ ተፈላጊ የሆኑ ትምህርት ቤቶች ዘንድ የሚደርሰው ክምር ከላይኛው ጫፍ ባሉ ቁጥሮች የተጨናነቀ ነው። በሁለት ነጥብ የሚበላለጡ ሁለት ሰዎችን አስቀምጦ የትኛው ተመራማሪ፣ የትኛው ጠበቃ እንደሚወጣው ከቁጥሩ ማንበብ አይቻልም። ያን ጊዜ ኮሚቴው የሚሻው አመልካቹን ሲያስብና ሲሳሳት በቅርብ ያየ ሰው ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከደብዳቤው ጋር ቅጽ ይልካሉ፤ «ካስተማሯቸው ሁሉ ይህ ተማሪ ከላይኛው አምስት በመቶ ነው ወይስ ከአሥር?» ተብለን እንጠየቃለን። ይህን ተማሪው ሊሞላው አይችልም፤ እኛ ያስተማርናቸውን ሌሎች ተማሪዎች እርሱ አያውቃቸውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይኸኛው ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው ሕግ መሠረት የተመዘገበ ተማሪ የትምህርት ፋይሉን የማየት መብት አለው፤ ስለዚህ ማመልከቻው የድጋፍ ደብዳቤውን የማየት መብቱን ይተው እንደሆነ ይጠይቀዋል። ምስጢር የሆነ ደብዳቤ ይበልጥ ስለሚታመን ብዙ አመልካቾች «ትቻለሁ» ብለው ይፈርማሉ። «ጽፈህ አምጣ» ያልሁት ልጅ እንግዲህ በገዛ እጁ የጻፈውን ደብዳቤ ላያየው ፈርሟል ማለት ነው። ሕግ ሊማር የሚያመለክት ወጣት የመጀመሪያውን ሐሰተኛ ፊርማ እንዲያኖር ያደረግሁት እኔ፣ የሕግ መምህሩ ነኝ።

በዚያው ኮሚቴ ያነበብሁት ሌላ ደብዳቤ አሁንም ከአእምሮዬ አልወጣም። የጻፉት መምህር ስማቸው የገነነ አይደለም፤ ርዝመቱም አንድ ገጽ ተኩል ነው። ተማሪዋ በአንድ የውል ክርክር ላይ በክፍል ውስጥ ከሁሉም ተቃራኒ አቋም ይዛ አጥብቃ እንደ ተሟገተች ይተርካል። በሳምንቱ ማንም ሳይጠይቃት ሰሌዳው ፊት ቆማ «ባለፈው ተሳስቼ ነበር» አለች፤ ክርክሯ የፈረሰበትን ነጥብ ጽፋ ከሥሩ አሰመረች። መምህሩ ድካሟንም አልደበቁም፤ የመጀመሪያ ረቂቋ ሁልጊዜ እንደሚንዛዛ ጽፈዋል። አማካይ ነጥቧ ከብዙዎቹ ዝቅ ያለ ነበር። ተቀበልናት።

ከዚያ ወዲህ ማንንም «ጽፈህ አምጣ» ብዬ አላውቅም። ደብዳቤ የሚጠይቀኝ ተማሪ እኔ ያረምሁለትን አንድ ጽሑፍ፣ የማመልከቻ ድርሰቱን ረቂቅና የትምህርት ቤቶቹን ቀነ ገደብ ይዞ ይመጣል፤ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ረቂቁን የምጠይቀው ደብዳቤው ከእርሱ ጋር እንዲስማማ ነው። ለዶክትሬት የሚያመለክት ሰው ሊመረምረው የሚሻውን ጥያቄ ነው የሚጽፈው፤ የሕግ ትምህርት ቤት ግን በአብዛኛው ሰውዬው ማን እንደሆነ መስማት ይፈልጋል።

ስለ ተማሪው የምጽፈው ነገር ካጣሁ ደግሞ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። አንዲት ተማሪ ይህን ስነግራት ዐይኗ እንባ ሞላ። በክፍሌ ያገኘችው ውጤት ጥሩ ነበር፤ ሆኖም ሁለት መቶ ተማሪ በነበረበት አዳራሽ ድምፅዋን እንኳ ሰምቼው አላውቅም። የመመረቂያ ጽሑፏን ወዳማከሯት ወጣት መምህር ላክኋት። የመምሪያ ኃላፊም ሆነ ባለሥልጣን ከማያውቀው ሰው ስም ጎን የሚያኖረው ማኅተም ኮሚቴ ፊት ዋጋ የለውም፤ ወላጆችም «ትልቅ ሰው ይፈርምልህ» እያሉ ልጆቻቸውን ባያደክሙ መልካም ነው።

ለባልደረቦቼ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚያዩት እንደ ደረሰ በተራው ነው፤ ፋይሉ ካልተሟላ ደግሞ ተራው አይደርስም። የእኛ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ሦስት ሳምንት ሲያድር ወንበሩ ይሞላል፤ ልጁም የቀረበትን ምክንያት ሳያውቅ ይኖራል። «ጊዜ የለኝም» ማለት ነውር አይደለም፤ በጊዜ ይባል እንጂ።

እናንተንም የምለምናችሁ በሚቀጥለው ዕትም ያችን ዓረፍተ ነገር እንድታርሟት ነው። «ሥራችሁን በቅርብ የሚያውቁና ራሳቸው የሚጽፉላችሁ ሦስት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ለሕግ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ሁለት ይበቃሉ» ትባል። ከቀነ ገደቡ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድመው እንዲጠይቁም ይጨመርበት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሕግ መምህር