የባክቴሪያውን ዘረመል እያነበብን የታማሚውን ለምን ተውነው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሮቦት፣ ስለ ሞለኪውል ኬሚስትሪና ስለ ሰው ዘረመል ምርምር በየጊዜው የምታወጧቸውን ጽሑፎች ሳላሳልፍ አነባለሁ። ቅሬታ አለኝ ባልልም፣ ሦስቱ ዘርፎች ሁልጊዜ እንደ ሩቅ አገር ወሬ፣ ያውም እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው መቅረባቸው ግን ይከነክነኛል። ሦስቱ ዘርፎች እኛን በቀጥታ በሚመለከት አንድ ጉዳይ፣ ማለትም ለሕመም ማስታገሻ በምንውጣት ክኒን ላይ፣ ከተገናኙ ዓመታት ስላለፉ፣ ረዥም ዘመኔን በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ያሳለፍኩ ጡረተኛ ፋርማሲስት እንደመሆኔ የማውቀውን ለመጻፍ ተነሣሁ።

በሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ የሕመም ማስታገሻ የወሰዱ ሰዎች በማግስቱ እየተመለሱ «አንዷ ክኒን ብቻ አጥወለወለችኝ፣ ቀኑን ሙሉ ስንሳፈፍ ዋልኩ» ይሉኝ ነበር። መልሴም ሁልጊዜ «ሳይበሉ ወስደውት ይሆናል» የሚል ነበር። አንዳንዶቹ እውነትም ሳይበሉ ወስደውት ይሆናል፤ ሌሎቹ ግን የነገሩኝ ስለ ጉበታቸው እንደነበር የገባኝ በጣም ዘግይቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮዴይን የተባለው መድኃኒት በራሱ ሕመም የማስታገስ ኃይሉ አነስተኛ ነው። አሠራሩ በሞለኪውል ደረጃ ሲታይ፣ ኮዴይን ማለት አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ያላት አንዲት ትንሽ ቅጥያ የተለጠፈችበት ሞርፊን ነው። በጉበት ውስጥ የሚገኘው ሲዋይፒ2ዲ6 (CYP2D6) የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያካሂድ ፕሮቲን፣ ይህችን ቅጥያ ሲቆርጣት ኮዴይኑ ሞርፊን ይሆናል፤ ሕመሙን የሚያስታግሰውም በዋናነት ይህ ሞርፊን ነው። በብዙ ሰዎች ዘንድ በዚህ መንገድ የሚለወጠው ከተወሰደው መጠን አንድ አሥረኛው ወይም ከዚያ ያነሰው ነው። የኢንዛይሙ ጂን በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ይወርሳል። በአንዳንድ ሰዎች ግን ጂኑ በአንዱ ክሮሞዞም ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ተደጋግሞ ይገኛል። እነዚህ ሰዎች ኢንዛይሙን በብዛት ስለሚያመርቱ ኮዴይኑን ቶሎ ቶሎ ይለውጡታል፤ በመሆኑም ለሌላው ሰው ተገቢ የሆነው መጠን ለእነሱ ከልክ ያለፈ ሞርፊን ሊሆን ይችላል። ሞርፊን ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽን ያዳክማል።

የዚህ ኢንዛይም ታሪክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ ነው። ሮበርት ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪ ለደም ግፊት የሚሰጥ ደብሪሶኪን የተሰኘ መድኃኒት ከባልደረቦቻቸው ጋር በራሳቸው ላይ ሲሞክሩ፣ ሌሎቹ ደህና ሆነው ሳለ የእሳቸው ግፊት ክፉኛ ወርዶ መቆም አቃታቸው። የእሳቸው ኢንዛይም መድኃኒቱን ለመለወጥ ጨርሶ የማይሠራ ዓይነት ነበር። እኛ የምንገኘው በተቃራኒው ጫፍ ላይ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ እሌኒ አክሊሉ፣ ዛሬ በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር የሆኑት፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ከመቶ 29ኙ የተደጋገመውን ጂን እንደያዙ አሳዩ። በሰሜን አውሮፓ ይህ ቁጥር ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። በጊዜው የነበረው አሠራር አድካሚ ነበር፤ ፈቃደኛው ያንኑ የደብሪሶኪን ክኒን ውጦ ሽንቱ ለሰዓታት ይጠራቀማል፣ ዘረመሉም በእጅ ሥራ ይመረመራል።

በነገራችን ላይ፣ ይህን «የኢትዮጵያውያን ደም» ወደሚል ተረት ሊወስደው የሚፈልግ ሰው ካለ፣ እኒሁ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙትን ሁለተኛ ጥናት ልጠቁመው። በኢትዮጵያ የሚኖሩና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተነጻጽረው፣ ተመሳሳይ ጂን ይዘው እንኳ በአገር ቤት ያሉት ደብሪሶኪኑን በስዊድን ከሚኖሩት ቀስ ብለው ሲያስወግዱ ተገኝተዋል። ይህም የአካባቢ፣ ምናልባትም የአመጋገብ፣ ተጽዕኖ መኖሩን ያሳያል። ስለዚህ የአንድ ሰው ጉዳይ የሚታወቀው ያንኑ ሰው በመመርመር እንጂ ከየት እንደመጣ በመጠየቅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓና የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ለሕፃናት የሚሰጠውን ኮዴይን በተለይም ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ገደቡት። የእኛው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም (የዛሬው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን) እ.ኤ.አ. በ2015 የኮዴይን አጠቃቀም እንዲቆም ወሰነ። ውሳኔው የሚያስመሰግን ነው፤ የራሳችንን ሰዎች የሚመለከተው ጥናት ከታተመ ግን 19 ዓመት አልፎት ነበር። ያም ሆኖ ታሪኩ በዚያ አላለቀም። በየሆስፒታሉና በየመድኃኒት ቤቱ በስፋት የምንጠቀምበት ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻም ወደ ኃይለኛው ቅርጹ የሚለወጠው በዚሁ ኢንዛይም ነው። ትራማዶል ሳይለወጥም የተወሰነ ሥራ ስላለው ጉዳዩ ከኮዴይን ጋር ፍጹም አንድ ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም የአሜሪካው ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ሁለቱም እንዳይሰጡ ሲከለክልና የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው ሲያስጠነቅቅ፣ መድኃኒቶቹን ለይቶ አላያቸውም። ከሦስት ወይም ከአራት ሰው አንዱ የተደጋገመው ጂን ሊኖረው በሚችልበት አገር በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት ትራማዶል ሲታዘዝላት፣ ስለ ሕፃኑ እንቅልፍና ትንፋሽ የሚነግራት ሰው ይኖር ይሆን?

ወደ ሮቦቱ ልምጣ። ቴሌቪዥን የሚያሳየን ሸሚዝ የሚያጥፈውንና ጠረጴዛ የሚጠርገውን ነው። የሕዝብን ጤና እየለወጠ ያለው ሮቦት ግን እግርም ፊትም የለውም። በትልልቅ ላቦራቶሪዎች ውስጥ 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ የፈሳሽ ጠብታ ሳይታክት የሚያዳርሰው ክንድ አንዱ ነው። ሌላው በብዙ የአገራችን ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጂን ኤክስፐርት የምንለው የቲቢ መመርመሪያ ከሮቦት የሚቆጠር መሣሪያ ነው። የተዘጋጀው አክታ በካርትሪጅ ውስጥ ከገባ በኋላ መሣሪያው ራሱ ፈሳሹን እየሳበና እየገፋ ያጥባል፣ ዘረመሉን ያወጣል፣ ያባዛል፤ በሁለት ሰዓት ገደማም ባክቴሪያው መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን ከጂኑ አንብቦ ይነግረናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ መሣሪያ ድጋፉን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ በባክቴሪያው ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የባክቴሪያውን ጂን የምናነብ ከሆነ፣ በታማሚው ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የታማሚውን ጂን አለማንበባችን እንግዳ ነገር ነው።

ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። የዚህ ኢንዛይም ጂን አጠገቡ በጣም የሚመስለው፣ ግን የማይሠራ ጎረቤት ስላለው ምርመራው በቀላሉ ይሳሳታል፤ ቅጂዎቹን መቁጠርም ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ትራማዶል ለታዘዘለት ሰው ሁሉ ምርመራ ይደረግ ማለትም ገንዘብ መበተን ይሆናል። ነገር ግን በኮቪድ ጊዜ በየክልሉ የተስፋፉት የፒሲአር መሣሪያዎችና በእነሱ ላይ የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሉ። ትልቅ ቀዶ ሕክምና በሚሠራባቸው ጥቂት ሆስፒታሎች መጀመር ይቻላል። የሚሰበሰበው የዘረመል መረጃ በማን እጅ እንደሚቆይም ሥራው ሳይጀመር መወሰን አለበት።

እስከዚያው ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ነገር አለ። ሐኪሙም ፋርማሲስቱም ትራማዶል ከመስጠታቸው በፊት «ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ማስታገሻ ወስደው ነበር? ምን አደረገዎት?» ብለው ይጠይቁ፤ እኔ ያልጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ከውጭ በሻንጣ ለሚመጣው መድኃኒትም ያው ነው። በእንግሊዝ ከፓራሲታሞል ጋር የተቀላቀለ አነስተኛ መጠን ያለው ኮዴይን ያለ ሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ ስለሚገዛ፣ ወገኖቻችን ለራስ ምታት ብለው ለቤተሰብ ሲያመጡት አይቻለሁ። ኮዴይን እዚህ እንዲቆም የተወሰነበትን ምክንያት የሚያውቅ ላኪም ተቀባይም ግን አላጋጠመኝም።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አንድ ጥያቄ አቅርቦ መልሱን እንዲያትምልን ነው፤ ኮዴይንን ለማቆም ያበቃው ማስረጃ ለትራማዶል፣ በተለይም ለልጆችና ለሚያጠቡ እናቶች፣ ተመርምሯል ወይ? ተመርምሮ ከሆነ ውሳኔው ምን ነበር?

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት፣ ከአዲስ አበባ