ልጃችሁ «መጽሐፉ የለም» ተብሎ ከመጣ

ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጉዳዩ፦ ስለ ቤተ መጻሕፍታችን አዲስ አደራደርና ስለ ቅዳሜው ቀጠሮ

እንደምን ሰነበታችሁ? መጀመሪያ ጥፋታችንን ልንገራችሁ። ዓምና አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሀዲስ አለማየሁን ልብ ወለድ ፈልጋ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። «ሀ» መደርደሪያ ተፈተሸ፤ የለም። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ አሁንም የለም። እኔም አመንኩና አንድ ቅጂ እንዲገዛ ፈረምኩ። ክረምት ላይ ቆጠራ ስናደርግ ሦስት ቅጂ ተገኘ፤ «አ» መደርደሪያ ላይ፣ አቧራ ለብሶ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንመዘግብበት የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅድሚያ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። መዝጋቢያችንም «አለማየሁ» ብሎ ሞላ። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። አለማየሁ የደራሲው አባት እንጂ ደራሲው አይደሉም። ልጆቻችሁንም ስም ስንጠራ በራሳቸው ስም እንጂ በእናንተ ስም አንጀምርም። ስለዚህ ከዘንድሮ ጀምሮ የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም፣ የውጭ ደራሲ ደግሞ በቤተሰብ ስሙ ይደረደራል። ማዕረግም አይቆጠርም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «ብ» ላይ አትፈልጓቸው። (እሳቸው ራሳቸው በ1904 ዓ.ም. በአገራችን የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር ያሳተሙ ሰው ናቸው። በእኛ መደርደሪያ መጥፋታቸው ትንሽ ያሳፍራል።)

ኅሩይን ካነሳን ሌላ ጣጣ አለ። ስማቸው በ«ኅ» ነው። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ «ህሩይ» ብሎ ከጻፈ ምንም አይመጣለትም። በፊደል ገበታው ሀ፣ ሐ እና ኀ ተራርቀው ስለሚቀመጡ መደርደሪያውም ላይ እንደዚያው ተበታትነው ነበር። አሁን ሦስቱንም አንድ ቦታ ሰብስበናል፤ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀንም እንዲሁ። የአማርኛ መምህራችን አልወደዱትም፤ ክርክሩም ገና አላለቀም። እኔ ግን መጽሐፉ መገኘት አለበት ባይ ነኝ። የደራሲው ስም አጻጻፍ በመጽሐፉ ላይም በመዝገቡም እንዳለ ነው፤ የተቀየረው ማስቀመጫው ብቻ ነው።

በትምህርት ዓይነት የምንለየው አሜሪካዊው ሜልቪል ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው የቁጥር ሥርዓት ነው። ሒሳብ 510፣ ፊዚክስ 530፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ይገኛል። እንግሊዝኛ 420ን ለብቻው ይዟል። አማርኛ ግን «ሌሎች ቋንቋዎች» በተባለው ክፍል ከዕብራይስጥና ከዓረብኛ ጋር 492 ውስጥ ተጨናንቋል። አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ «ለምን?» ብሎ ጠየቀኝ። ሥርዓቱን ያወጣው ሰው አማርኛ አያውቅም ነበር አልኩት፤ ሳቀ።

ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት የሚለጠፈው መጽሐፉ ሲቆም ፊት ለፊት በሚታየው ቀጭን ጎኑ ላይ ነው። እባካችሁ ቤት ውስጥ አትላጡት፤ «ይመርበት» ብላችሁም በላስቲክ አትሸፍኑት።

በዚህ ሳምንት ልጆቻችሁ አንድ ካርድ ይዘው ይመጣሉ። እቤት ካለ ከማንኛውም መጽሐፍ የደራሲውን ስም፣ ርዕሱን፣ አሳታሚውን፣ የታተመበትን ቦታና ዓመት፣ ስንተኛ እትም እንደሆነና የገጹን ብዛት ይሞላሉ። ሁሌም የሚሳሳቱት አሳታሚው ላይ ነው። «ብርሃንና ሰላም» የሚል ካዩ ወዲያው እሱን ይጽፋሉ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው፤ አሳታሚው ገንዘቡን አውጥቶ መጽሐፉን ለገበያ ያበቃው ነው። ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው። እትምና ቅጽም ይምታታባቸዋል። ሁለተኛ እትም ያው መጽሐፍ እንደገና ሲታተም ነው፤ ሁለተኛ ቅጽ ግን የሥራው ቀጣይ ክፍል ነው። ዓመቱንም ሲጽፉ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ይለዩ። ካልለዩት መጽሐፉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል፣ ወይም ያን ያህል ዓመት ልጅ ይሆናል። እርዷቸው፤ ግን አትሙሉላቸው። የወላጅ እጅ ጽሑፍ እናውቃለን።

ቅዳሜ ጥቅምት 15 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱ ለእናንተ ክፍት ነው። ገና ያልተለጠፈባቸው መጻሕፍት ስላሉ እጃችሁን እንፈልጋለን። የእኛን ማኅተም የያዘ መጽሐፍ እቤት ካገኛችሁ፣ የታላቅ ወንድም ወይም እህት ትቶት የሄደም ቢሆን፣ ይዛችሁ ኑ። ቅጣት የለም፤ ለምን ቆየ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ሻይ ከእኛ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር