ዝምተኛ ፊደላት አንኮበር ላይ ተሟገቱ
የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ ዘንድሮ ምን ሲሠራ ከረመ ተብሎ ሲጠየቅ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚሰጠውን መልስ ሰምቻለሁ። «የማይነበቡ ፊደላት ሲቆጥሩ ከረሙ» ይባላል። ሐሰት የለበትም። ዓመቱን የፈጀነው በእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ ተጽፈው በማይነበቡ ፊደላት ላይ ነው። ምክንያቱን ግን የጠየቀኝ ስለሌለ፣ ይህን ገጽ ካገኘሁ አይቀር ልናገረው።

ተማሪዎቻችን 9ኛ ክፍል ሲገቡ ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ታሪኩ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ከልጅነታቸው የለመዱት ፊደል ደግሞ የተጻፈው የሚነበብበት ነው። ስለዚህ ልጁ ቢላዋ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲያገኝ ኬ የምትባለዋን ፊደል አይቶ፣ «ናይፍ» ማለት ሲገባው «ክናይፍ» ይላል። (መጽሔታችን በአማርኛ ስለሆነ ቃላቱን በእኛው ፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ ታገሡኝ።) ክፍሉ ይስቃል። ያ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ እጁን አያወጣም። በሰዋስው ምክንያት አፉን የዘጋ ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም፤ በሳቅ ምክንያት የዘጋ ግን በየክፍሉ አለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ልጁ እንደ ሥርዓቱ ማንበቡ ነው። የተጻፈለትን አነበበ። ጥፋት ካለ የጥፋቱ ባለቤት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው፤ የሚሳቅበት ግን የእኛ ልጅ ነው።

ስብሰባዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ክፍል ተገናኝተናል፤ ሥራ አስፈጻሚ መርጠናል፤ ቃለ ጉባኤ ይዘናል፤ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር በሰልፍ ሰዓት ዝግጅት አቅርበናል። በፈተና ሰሞን ተቋርጠናል። መንገዱ ባልተረጋጋባቸው ሳምንታት ከገጠር የሚመጡ አባላት ቀርተውብን ነበር። ከሌሎች የዞኑ ትምህርት ቤቶች ጋር ያሰብነው ውድድርም የመጓጓዣ ገንዘብ ስለታጣ በወረቀት ቀርቷል።

ከመደበኛው ሥራ ልትመጡና ልታዩት የሚገባው «የዝምተኞች ሰሌዳ» ያልነውን ነው። አባላቱ ከብስኩት ካርቶን ካርድ ይቆርጣሉ። በካርዱ ፊት ቃሉን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የማይነበበውን ፊደል ብቻ በቀይ ይጽፋሉ። በጀርባው ያ ፊደል ድምፁን የሚያሰማበት ሌላ ዘመድ ቃል ይሰፍራል። ለምሳሌ ምልክት ወይም መፈረም ማለት የሆነው «ሳይን» ውስጥ ጂ ዝም ትላለች፤ ካርዱን ስትገለብጡት «ሲግናል» አለ፤ እዚያ ጂ ትናገራለች። ዕዳ ማለት የሆነው «ዴት» ውስጥ ቢ ተጽፋ አትነበብም፤ ጀርባው ላይ ግን ሁላችንም ከባንክ የምናውቀው «ዴቢት» ተቀምጧል። ዘመዱን ያገኘ ተማሪ ቃሉን አይረሳውም። ይህን ዘዴ ለሌሎች የእንግሊዝኛ መምህራን አሳይቻለሁ፤ ሁለቱ በክፍላቸው ጀምረውታል፤ የቀሩትን እየጠበቅሁ ነው።

አሁን ወደ አንኮበር ልሂድ።

የጉዞ ፈቃድ ስጠይቅ «ለእንግሊዝኛ ክበብ አንኮበር ምን ያደርግለታል? የታሪክ ክበብ ይሂድ እንጂ» ተብዬ ነበር። የሸዋ ሰው ይህን መጠየቁ ገርሞኛል። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን መልእክተኞቹን አስከትሎ፣ ጠመንጃና መድፍ በስጦታ ጭኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ወደዚያው ወደ አንኮበር ነው። የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈረመውም በዚያ ጊዜ ነው። ሃሪስ አገሩ ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1844 የናይትነት፣ ማለትም የእንግሊዞች የክብር ማዕረግ፣ ተሰጥቶት «ሰር» ተባለ። ልጆቼን ወደዚያ የወሰድኳቸው ይህቺን «ናይት» የምትባል ቃል ፍለጋ ነው።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአውቶቡሱን ኪራይ ከፊሉን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ችሎልናል፤ እናመሰግናለን፤ ቀሪውን ተማሪዎቹ ከኪሳቸው አዋጡ። መንገድ ላይ ጭላዳዎቹን ለማየት ቆምን። ብርዱን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ስንወጣ ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር፤ ቆላው የታየን ወደ ረፋድ ላይ ነው።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቃሏን በካርቶን ላይ ጻፍኩላቸው። ስድስት ፊደላት አሏት፤ ሦስቱ ዝም ይላሉ፤ ኬ፣ ጂ እና ኤች። በመካከለኛው ዘመን ግን እንግሊዞቹ ሁሉንም ያነቧቸው ነበር፤ «ክኒኽት» ለሚለው የቀረበ ድምፅ ነበራት። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ ቤት ከፈተ፤ አጻጻፉ በኅትመት እየረጋ ሲሄድ የሰው አፍ ግን መለወጡን አላቆመም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኬ ከ«ናይት»ም ከ«ናይፍ»ም አፍ ላይ ወደቀች። ሃሪስ የአንኮበርን ዳገት ሲወጣ ኬ ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር፤ ወረቀት ላይ ግን አለች።

«እስቲ እንደ ጥንቱ በሉት» አልኳቸው። የከተማ ልጆች፣ በእንግሊዝኛ ውጤታቸው የሚታወቁት፣ ተሽቀዳደሙ። አንዱ «ክኒክት» አለ፤ ሌላው «ክኒህት»። ድምፁ አልመጣም። ከኋላ ጋቢዋን ተከናንባ የተቀመጠች አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከመንዝ በኩል የመጣች ናት፤ እዚህ ቤት ተከራይታ፣ ስንቋን ከአገር ቤት እያስመጣች ነው የምትማረው። «ከዚያ» ማለት ሲገባት «ኸዚያ» ብላ ክፍል ውስጥ ስለተሳቀባት በክበባችን ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን የሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እሷ ቀስ ብላ «ክኒኽት» አለች። ኽዋ ጥርት ያለች፣ ለስላሳ፣ በትክክል ከቦታዋ የወጣች ነበረች።

ዝም አሉ። ከዚያ ያ «ክኒክት» ያለው ልጅ ወደ እሷ ዞሮ «እንዴት አድርገሽ ነው?» አላት። «ከጉሮሮህ አታውጣው» አለችው፤ «ምላስህን ወደ ላንቃህ አስጠጋና ትንፋሹን ልቀቀው። አያቴ ኸዚህ፣ ኸዚያ ስትል የምታወጣው እኮ ነው።» ከዚያ አንድ በአንድ እየዞሩ እሷ ፊት ሞከሩ። እሷም እንደ መምህር «አይደለም»፣ «አሁን ቀረብክ» እያለች አረመቻቸው። እኔ ጉሙን የማይ መስዬ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

ከምሳ በኋላ ዋናው ፕሮግራም «በላ ልበልሃ» ነበር። ዝምተኛ ፊደላት ከእንግሊዝኛ ይባረሩ ወይስ ይቆዩ በሚል ከሳሽ፣ ተከላካይና ዳኛ ሰይመናል። ተከላካይ እንዲሆን የተመደበው ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ስለነበር ማን ይተካው ስል ያቺው ልጅ እጅዋን አወጣች። ከሳሹ ቆሞ እንዲህ ጀመረ፦

«በላ ልበልሃ!
ተጽፎ የማይነበብ፣ ተቀምጦ የማይሠራ፣
ደመወዝ ይበላል ወይ ከሠራተኛ ጋራ?»

ክሱ ጠንካራ ነበር። «ዴት» ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ቢ አልነበረበትም፤ የላቲን ሥሩን ለማሳየት የፈለጉ ምሁራን ናቸው ኋላ የሰኩት። ደሴት ማለት የሆነው «አይላንድ» ይባስ፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ኤስ አልነበረውም፤ ከላቲኑ «ኢንሱላ» የመጣ መስሏቸው በስሕተት ጨመሩበት። በርናርድ ሾው እንኳን፣ በዚያው ቋንቋ እንጀራውን ያበሰለ ጸሐፊ፣ ቢያንስ 40 ፊደላት ላሉት አዲስ የእንግሊዝኛ ፊደል ገበታ ገንዘብ ተናዞ ሞቷል። ከሳሹ ይህን ሁሉ አጥንቶ ነበር የመጣው፤ ተጨበጨበለት።

ልጅቷ ተነሣች፤ ጋቢዋን አጣፋች።

«በላ ልበልሃ!
አባት ቢሞት እንኳን ስሙ ከልጁ አይወርድም፣
ዝም ስላለ ብቻ ዘመድ አይካድም።»

ቀጠለችና አባቷ ቄስ እንደሆነ፣ ፊደል ያስቆጠራትም እሱ እንደሆነ ተናገረች። «ሠረቀ ፀሐይ» ሲባል፣ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፣ በንጉሡ ሠ ይጻፋል። «በእሳቱ ሰ ከጻፍሽው ፀሐይን ሌባ አደረግሻት ይለኛል አባቴ። ሲነበብ ልዩነት የለውም። ታዲያ ንጉሡ ሠም ይባረር?» ከሳሹ ሳይዘገይ «ይባረር!» አለ፤ ሳቅ ሆነ፤ ሁለት የአማርኛ መምህራን አብረውን ስለነበሩ በመካከላቸው ሌላ ክርክር ተነሣ፤ እስከ መመለሻችንም አላለቀ።

ዳኛዋ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ፍርዷን በጽሑፍ ሰጠች። የ«ዴት» ቢ ምንም እንኳን ዘግይታ ብትገባም «ዴቢት» የሚባል ዘመድ ስላላት ትቆይ። የ«ናይት» ኬ ነባር ባለርስት ስለሆነች አትነካ። የ«አይላንድ» ኤስ ግን በሐሰት ምስክር የገባ ስለሆነ ይባረር፤ ፍርዱ ለአፈጻጸም ወደ ለንደን ይተላለፍ። ውሳኔው በክበቡ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ያቺ ልጅ ሰኞ ሰኞ በሰልፍ ሰዓት የእንግሊዝኛውን ዜና ታነባለች። የምትሳሳትበት ጊዜ አለ፤ ግን ቆማ አርማ ትቀጥላለች። ክበባችሁ ምን ውጤት አመጣ ለሚሉኝ ሰኞ ጠዋት ቀደም ብለው ሰልፍ ላይ እንዲገኙ እጋብዛለሁ።

ስለ ንብረት ጥቂት ልበል። የስፖርት ክበቡ ዘንድሮ አዲስ ማሊያ አግኝቷል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ከልቤ ነው። የእኛ ክበብ ከትምህርት ቤቱ ያገኘው አንድ ፓኮ ጠመኔ ነው። ስለ ድምፅ የሚማር ክበብ ድምፅ የሚያሰማበት ዕቃ የለውም። የቃላቱን አነባበብ ያሰማሁት ከራሴ ስልክ ነው፤ 30 ልጅ በአንድ ስልክ ዙሪያ አንገቱን ሲያሰግግ ማየት ደስ አይልም። በቤተ መጻሕፍቱ ያለው መዝገበ ቃላት የመጨረሻ ገጾቹ የሉም፤ ዳብልዩን የምንፈልግ ሰዎች ነን፣ መጻፍ ማለት የሆነው «ራይት» እና ስሕተት ማለት የሆነው «ሮንግ» የሚጀምሩት በእሷ ነው፤ እዚያ ስንደርስ ይቆምብናል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ በባትሪ የሚሠራ አንድ የድምፅ ማጉያ፣ አነባበብ የሚያሳዩ ጥቂት መዝገበ ቃላት፣ ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሣጥን። የመጨረሻው ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፤ ከየካቲት ወዲህ ካርዶቻችንን አይጥ እየበላቸው ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ያገለገለ መዝገበ ቃላትም ቢሆን እንቀበላለን፤ ለርእሰ መምህሩ ቢሮ ወይም ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ማስረከብ ይቻላል፤ ደረሰኝ እንሰጣለን። «ረሲት» ውስጥ ፒ ዝም እንደምትል ለሚያስታውሰን ደግሞ ካርዱን በስሙ እንለጥፋለን።

የአዲስ አባላት ምዝገባ በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይለጠፋል። ቅድሚያ ለ9ኛ ክፍሎች ነው፤ በተለይ አንድ ጊዜ ተስቆባችሁ ዝም ላላችሁት።