ሥራ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ሥራው ጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢ «ሥራ የሚገኘው በትውውቅ ብቻ ነው» ሲሉ በምሬት የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩ። ምሬታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ወጣቶች ከዚያ ተነስተው ከሙያ ሰዎች ጋር መተዋወቅን ራሱን እንደ ነውር እንዳይቆጥሩት ሰጋሁ።

የውስጥ ኦዲተር ነኝ። ሊንክድኢን በተባለው የባለሙያዎች መገናኛ ድረ ገጽ ከማላውቃቸው ወጣቶች ብዙ መልእክት ይደርሰኛል። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ሰላምታ፣ የተያያዘ ሲቪ፣ «ክፍት ቦታ ካለ ይተባበሩኝ»። ምን ብዬ ልመልስ? ክፍት ቦታ የለኝም፤ ሲኖርም የሚወጣው በማስታወቂያ ነው። ወሬያችን ሳይጀመር ያልቃል።

አንዲት ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ግን እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «የምሠራው በውጭ ኦዲት ነው፤ ወደ ውስጥ ኦዲት ለመዛወር አስባለሁ። እርስዎም በዚሁ መንገድ እንደመጡ ከሥራ ታሪክዎ አይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ የከበደዎት ምን ነበር?» ከቢሮ ልወጣ ስል ነው የደረሰኝ፤ ተመልሼ ቁጭ ብዬ በሰፊው ጻፍኩላት። የውጭ ኦዲተር የሒሳብ መግለጫው በትክክል ቀርቧል ወይስ አልቀረበም የሚለውን መርምሮ፣ አስተያየቱን ሰጥቶ ይሄዳል። የውስጥ ኦዲተር ከሚመረምራቸው ሰዎች ጋር አብሮ ይውላል፤ ግዢውንም፣ መጋዘኑንም፣ የኮምፒዩተር ሥርዓቱንም ያያል፤ የተገኘው ጉድለት እስኪታረም ይከታተላል። እኔን የከበደኝ፣ ጠዋት በሥራው ላይ ግኝት፣ ማለትም ያየሁትን ጉድለት፣ የጻፍኩበትን ሰው ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ ማግኘት ነበር። የናሙና አመራረጥ ልምዷ እንደሚጠቅማት፣ የሪፖርት አጻጻፍን ግን እንደ አዲስ መማር እንዳለባት ነገርኳት። ከወራት በኋላ ምክሬን ሞክራ የትኛው እንደሠራላት ጻፈችልኝ፤ በዚያ ደብዳቤ ምንም አልጠየቀችም። እንዲህ ያለ ሰው አይረሳም። የቀድሞ ባልደረባዬ በመሥሪያ ቤታቸው ለኦዲተር ማስታወቂያ ማውጣታቸውን ሲነግረኝ ቶሎ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። ማስታወቂያውን ላኩላት፤ ተፈትና አለፈች።

እኔና እሷ ዘመድም ጓደኛም አይደለንም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የሶሺዮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ወሬውን ከሰጣቸው ሰው ጋር አዘውትረው የሚገናኙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። የቀሩት ሰውየውን አልፎ አልፎ ወይም እጅግ በጣም አልፎ አልፎ የሚያገኙት ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቤተሰቦቻችንና የቅርብ ጓደኞቻችን የሚሰሙት እኛም የምንሰማውን ነው፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ሌላ ቦታ ከሚውል ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል፤ ይበልጥ የጠቀሙት በመጠኑ ራቅ ያሉ ትውውቆች ናቸው፣ ፈጽሞ ባዕድ የሆኑት ግን ያን ያህል አልረዱም። ስለዚህ ማንነቱን የማታውቁትን ሰው ሁሉ በወዳጅ ዝርዝር ውስጥ ማከማቸት ድካም ነው። አብረዋችሁ የተማሩትን፣ ከሥራ የተለያችኋቸውን ባልደረቦች፣ በሥልጠና ላይ ያገኛችኋቸውን ጠይቁ።

በሙያዬ ምክንያት አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ወሬ መንገር፣ ሥራን መግለጽ፣ «ሥራዋን አይቻለሁ» ብሎ መመስከር ተገቢ ነው። አመልካቹን የሚያውቅ ሰው በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ካለ ግን ትውውቁን በጽሑፍ አሳውቆ ከውሳኔው መውጣት አለበት። ማስታወቂያ ሳይወጣ፣ ፈተና ሳይሰጥ የተቀጠረ ሰው ሲያጋጥመኝ ግኝት አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ወደፊትም እጽፋለሁ። የጸሐፊው ምሬት በትክክል የሚመለከተው ይህንን ነው።

በቤተሰቡ ውስጥ ቢሮ የገባ ሰው ለሌለው ወጣት ሁሉም ነገር ይከብዳል። ማንን እንደሚጠይቅ ይቅርና ምን ዓይነት ሥራ እንዳለ እንኳ የሚነግረው የለውም፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ስለዚህ ወንበር ላይ ያለን ሰዎች፣ እባካችሁ፣ በትሕትና ለተጠየቅነው ጥያቄ እንመልስ። ዐሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ጊዜ ከሌለንም «አሁን አልችልም፣ እገሌን ጠይቂ» ማለት እንችላለን።

ለዝግጅት ክፍሉም ልመና አለኝ። በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ ሥራው በእውነት ምን እንደሚመስል፣ እንዴት እንደገባበት፣ ጀማሪ ምን ማወቅ እንዳለበት የሚጽፍበት አነስተኛ ዓምድ ብትከፍቱ፣ የሚጠይቀው ዘመድ የሌለው አንባቢም ያገኘዋል። ስለ ውስጥ ኦዲት የሚሆነውን እኔ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የውስጥ ኦዲተር